ሼር የተደረጉ ፎልደሮችን በፓስወርድ መዝጋት፦ የደሴ ግቢ የሥራ ማስታወሻ

ዓርብ ማታ

ግቢው ሆጤ ነው። መንገድ ዳር ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ዋናው የጭቃ ቤት፣ ጓሮ ውስጥ ደግሞ የተከራየ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ። ዋይፋዩ የጋራ ነው፤ የወሩን ክፍያ ባለቤቶቹና ተከራዮቹ ይካፈሉታል። ሳሎን ያለው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው፤ 1 ቴራ ሃርድ ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። የልጅቱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ የሱቁ አሮጌ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 ነው። ከእነዚህ ሌላ ስልኮችና አንድ ቴሌቪዥን አሉ።

ምንም ከመንካታችን በፊት አንድ ሙከራ አደረግን። ሰርቪሱ በር ላይ ቆመን፣ ተከራይ በሚጠቀምበት ዋይፋይ፣ ስልክ ላይ ባለ የፋይል መክፈቻ ኔትዎርኩን አሰስን። ዴስክቶፑ ወጣ። ነካ ሲደረግ ዲ ድራይቭ እንዳለ ተከፈተ፦ የቤቱ ካርታ ስካን፣ የመታወቂያ ኮፒዎች፣ የሱቁ የቀን ሽያጭ፣ የሠርግ ፎቶ። ፓስወርድ የሚባል ነገር አልጠየቀም። ባዶ ፋይል ፈጥረን ከስልኩ ላይ አጠፋነው፤ እሺ ብሎ ጠፋ። እንግዲህ ማየት ብቻ ሳይሆን መደምሰስም ለሁሉም ክፍት ነበር። ከተከራዮቹ አንዱም ክፉ አስቦ አያውቅ ይሆናል፤ ግን ስልኩን የነካ እንግዳ ወይም ከፎቶ ኮፒ ቤት ቫይረስ ይዞ የመጣ ፍላሽ ለመጉዳት ሐሳብ አያስፈልገውም።

ፕሮፐርቲሱ ውስጥ ሲታይ ምክንያቱ ሁለት ነው። ድራይቩ ለ«ኤቭሪዋን» (ለማንኛውም ሰው) በ«ፉል ኮንትሮል» (በሙሉ ሥልጣን) ሼር ተደርጓል። «ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ» የሚባለው፣ ሼር የተደረገውን በፓስወርድ ብቻ የሚያስከፍተው ማብሪያ ደግሞ ተዘግቷል። ብዙ ቤት የሚሆነው ይኸው ነው፦ ላፕቶፑ ፎልደሩን አልከፍት ሲል ሰው ተናዶ ማብሪያውን ይዘጋውና ሥራው ስለተሳካ እዚያው ይተወዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መያዝ አለበት፤ የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፎልደር የራሱ ፓስወርድ የለውም። ፓስወርድ ያለው አካውንት ነው፤ ፎልደሩ የሚያውቀው የትኛው አካውንት እንደሚገባና ገብቶ ምን ማድረግ እንደሚችል ብቻ ነው። «ለዚህ ፎልደር ፓስወርድ የሚሰጠው የት ነው?» ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚፈልግ ሰው የማያገኘው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ኔትዎርኩ ይቀድማል። ራውተሩ 192.168.1.1 ላይ ነው። ሁለተኛ የዋይፋይ ስም፣ ማለትም የእንግዳ ኔትዎርክ የመክፈት አቅም ስላለው ለተከራዮቹ እሱ ተከፈተላቸው፤ የዋናው ዋይፋይ ፓስወርድም ተቀየረ። የእንግዳው መስመር ኢንተርኔት ይሰጣል እንጂ የግቢውን ኮምፒውተሮች ማሳየት የለበትም። የለበትም ማለት ግን አያሳይም ማለት አይደለም፤ በተለይ ራውተሩ ከሌላ ራውተር ጀርባ ተቀጥሎ ሲግናል ማራዘሚያ ብቻ ሆኖ ሲሠራ ይህ መለያየት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ያው ስልክ ይዘን ሰርቪሱ በር ላይ ተመልሰን ቆምን። አሰሳው ዴስክቶፑን አላወጣም፤ አድራሻው በእጅ ሲጻፍም አልተከፈተም። ሁለተኛው ሙከራ መዘለል የለበትም፤ በአሰሳ የማይታይ ኮምፒውተር በአድራሻው ሊከፈት ይችላል።

ቀጥሎ ዴስክቶፑ ቋሚ አድራሻ ያስፈልገዋል። ራውተሩ ላይ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በሚያድለው) ገጽ 192.168.1.20 ለዴስክቶፑ የኔትዎርክ ካርድ ተመደበ። ይህ ካልተደረገ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ ሌላ አድራሻ ሊያድል ይችላል፤ ያኔ ስልኩ ላይ የተቀመጠው አድራሻ ዋጋ ያጣል።

ከራውተሩ እስከ ሱቅ ኬብል ዘረጋን፤ የጭቃው ግድግዳና ቆርቆሮው ዋይፋዩን ስለሚያዳክሙት። 18 ሜትር ካት 5ኢ ወሰደ። ሁለቱም ጫፍ በአንድ ቅደም ተከተል ነው የተመታው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። መጀመሪያ ሲሞከር ሠራ፣ ፍጥነቱ ግን 100 ሜጋ ቢት ላይ ቆመ፤ ሁለቱም ካርዶች ጊጋ ቢት የሚችሉ ናቸው። 100 ሜጋ ቢት የሚጠቀመው አራቱን ሽቦ ብቻ ነው፣ 1፣ 2፣ 3 እና 6ኛውን፤ ጊጋ ቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ችግሩ ከሰማያዊው ወይም ከቡኒው ጥንድ ነው ማለት ነው። አንዱን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙረን ስናየው ቡኒው ሽቦ ከፕላስቲኩ መጨረሻ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አጥሯል፤ መዳቧ ጥርስ አልደረሰችውም። ተቆርጦ እንደገና ተመታ። በ100 ሜጋ ቢት ቢቀር በሴኮንድ 11 ሜጋ ባይት ያህል ይገለበጣል፤ 1.4 ጊጋ ፊልም ሁለት ደቂቃ አካባቢ ማለት ነው። ለሱቅ ሂሳብ ይበቃ ነበር፣ ለፎቶ ማኅደሩ ግን አይበቃም።

የኔትዎርኩ ዓይነት በሁሉም ኮምፒውተር «ፕራይቬት» መሆኑ ታየ። «ፐብሊክ» ከሆነ ፋየርዎሉ 445 የሚባለውን የፋይል በር ይዘጋዋል። ራውተር ሲቀየር ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቤት ቆጥሮት ወደ ፐብሊክ ይመለሳል፤ «ትናንት ይሠራ ነበር» ሲባል መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት

አካውንቶች። ዴስክቶፑ ላይ ሦስት አካውንት ተፈጠረ፦ እናት፣ ሱቅ፣ ልጆች። ስማቸው በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ግን የኮማንድ መስኮቱ አማርኛውን አራት ማዕዘን አድርጎ ስለሚያሳየው ጥገና ላይ ያስቸግራል።

ዊንዶውስ ፕሮ ላይ «ኮምፒውተር ማኔጅመንት» ውስጥ «ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» አለ። ሆም በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ ይህ ገጽ የለም፤ እዚያ በአስተዳዳሪ በተከፈተ ኮማንድ መስኮት «ኔት ዩዘር» ትእዛዝ ያንኑ ይሠራል። እዚህ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፣ ሁለቱም ሰው ያሳስታሉ። «ዩዘሩ በሚቀጥለው ሲገባ ፓስወርድ ይቀይር» የሚለው ከመጀመሪያው ምልክት ተደርጎበት ይመጣል፤ ካልተነሣ አካውንቱ በኔትዎርክ በኩል ሲጠራ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖም አይገባም፣ የሚቀይርበት መስኮት የለምና። «ፓስወርዱ ጊዜው አያልፍም» የሚለው ደግሞ ምልክት ይደረግበት። ካልተደረገበት የሎካል አካውንት ፓስወርድ እንደተለመደው በ42 ቀኑ ያልፍበታል፤ ሁሉም ነገር በሰላም ሲሠራ ከርሞ በወር ከምናምኑ በአንድ ጊዜ ይዘጋል፤ ምክንያቱንም የሚያስታውስ አይገኝም።

ፓስወርድ የሌለው አካውንት በኔትዎርክ በኩል አይገባም፤ ዊንዶውስ ይከለክላል። ፒንም አይሠራም፦ አራት ወይም ስድስት አኃዙ ፒን የሚያገለግለው እዚያው ማሽን ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ለዓመታት በፒን ብቻ ሲገባ የኖረ ሰው ዋናውን ፓስወርድ ረስቶታል፤ ለፎልደር የተለየ አካውንት መፍጠር የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት የማይክሮሶፍት የኢሜይል አካውንት ፓስወርድ በየስልኩ እንዳይበተን ነው።

ፓስወርዶቹ እያንዳንዳቸው ተያያዥነት የሌላቸው አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ተጽፈው ከ16 ፊደል በላይ ናቸው። በወረቀት ተጽፈው ከካርታው ጋር ሣጥን ውስጥ ገቡ። ሦስቱም አካውንቶች ዴስክቶፑ ፊት ተቀምጦ መግባት እንዳይችሉ በ«ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ» ተከለከሉ፤ ሥራቸው በኔትዎርክ መምጣት ብቻ ነው። በመጨረሻ ሦስቱ «ቤተሰብ» በሚባል ግሩፕ ተጠቃለሉ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ዋናው ሥራ። የዲ ድራይቭ ሼር ሙሉ በሙሉ ተነሣ፤ ድራይቭን እንዳለ ሼር ማድረግ ነገ የሚፈጠረውን ፎልደር ሁሉ ዛሬ መክፈት ነው። በምትኩ ሦስት ፎልደር፦ ሰነድ፣ ሂሳብ፣ ፎቶ። እናት ሁሉንም ታያለች፣ ትቀይራለች። ሱቅ ሂሳብን ብቻ ይጽፋል። ልጆች ፎቶ ላይ ይጽፋሉ፣ ሰነድን ያነባሉ እንጂ አይነኩም፣ ሂሳብ አይገቡም። የማንበብ ብቻ ፈቃዱ ለልጆቹ ቁጥጥር አይደለም፤ ላፕቶፑ ላይ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ የሚያበላሸው አካውንቱ መጻፍ የሚችልበትን ብቻ ነው፣ ካርታውና ዲፕሎማው ይተርፋሉ።

ሁለት የፈቃድ ሽፋን አለ። አንዱ «ሼሪንግ» ትር ውስጥ ያለው የሼር ፈቃድ ሲሆን በኔትዎርክ በሚመጣ ላይ ብቻ ይሠራል። ሁለተኛው «ሴኩሪቲ» ትር ውስጥ ያለው የዲስኩ የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የዲስክ አደረጃጀት) ፈቃድ ነው፤ ፊት ለፊት ለተቀመጠውም በኔትዎርክ ለሚመጣውም ይሠራል። በኔትዎርክ የሚመጣ ሰው በሁለቱም ማለፍ አለበት፤ የሚጸናበት የጠበቀው ነው። በሁለቱም ቦታ ዝርዝር ማስገባት ከሦስት ወር በኋላ የትኛው እንደከለከለ ለማወቅ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ በሼሩ በኩል ኤቭሪዋን ወጥቶ «ቤተሰብ» በ«ቼንጅ» (በማንበብና በመቀየር) ብቻ ገባ፤ ማን ምን ይችላል የሚለው ዝርዝር በሙሉ ሴኩሪቲ ትር ላይ ሆነ።

ሴኩሪቲ ትሩ እንደመጣ ከተተወ ግን ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። ዲ ድራይቭ ሲፎርማት «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» የሚባል ወገን «ሞዲፋይ» (መቀየርና መሰረዝ) ይሰጠዋል፤ ከሥሩ የሚፈጠር ፎልደር ሁሉ ይወርሰዋል። ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ ማለት በትክክለኛ ስምና ፓስወርድ የገባ ማንኛውም አካውንት ነው፤ የልጆች አካውንትም ነው። ፓስወርድ ሲጠየቅ፣ ሲመለስ፣ ሲገባ ሰው «ተዘጋ» ይላል፤ ልጆች ግን የሱቁን ሂሳብ ከፍተው መሰረዝ ይችላሉ። እርምጃው ይህ ነው፦ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ፣ ኢንሄሪታንሱን (ከላይ የሚወርሰውን) መዝጋት፣ የተወረሱትን ወደ ራሱ እንዲቀይር መምረጥ፣ ከዚያ ኦተንቲኬትድ ዩዘርስንና ዩዘርስን ማውጣት። «ሲስተም» እና «አድሚኒስትሬተርስ» አይነኩ። ከዚያ አካውንቶቹ አንድ በአንድ ይጨመሩ።

«ዲናይ» የሚለውን አምድ አልነካንም። ክልከላ ፈቃድን ይበልጣል፤ ለግሩፕ አንድ ዲናይ ከተሰጠ እናትም በግሩፑ ውስጥ ስላለች አብራ ትቆለፋለች። አለመፍቀድ ራሱ ክልከላ ነው።

አንድ ነገር ወዲያው ተበላሸ። ዴስክቶፑ ፊት በአስተዳዳሪ አካውንት ተቀምጠን ሂሳብን ስንከፍት «ፈቃድ የለህም፣ ቀጥል» የሚል መስኮት መጣ። ቀጥል ከተባለ ዊንዶውስ ያንን አካውንት በራሱ ፈቃድ ዝርዝሩ ላይ ይጽፈዋል፤ ሳይታወቅ አዲስ ስም ይገባል። ስለዚህ ተመልሰን ሰርዘን፣ የሚያስፈልገውን አካውንት በስሙ አስገባን።

ቅዳሜ፣ ማታ 2 ሰዓት

የ«ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ» ማብሪያው ተከፈተ። ዊንዶውስ 10 ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ኔትዎርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር፣ የአድቫንስድ ሼሪንግ ገጽ፣ «ኦል ኔትዎርክስ» የሚለው ሥር መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ማብሪያ ለአንድ ፎልደር አይደለም፣ ለማሽኑ በሙሉ ነው። ሲዘጋ ጌስት (እንግዳ) የሚባለውን አካውንት ያነቃል፤ ሲከፈት ስምና ፓስወርድ የሌለው እንዳይገባ ያደርጋል።

ስልኩ ወዲያው ጠየቀ። ስም ልጆች፣ ፓስወርድ፣ የዶሜይን ሳጥኑ ባዶ፤ ፎቶ ተከፈተ፣ ሂሳብ እምቢ አለ። የልጅቱ ላፕቶፕ ግን ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ መለሰው። በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚጻፍ አይታይም፤ የዓይን ምልክቷ ስትነካ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ሆኖ ወጣ። የአማርኛ ኪቦርዱ በርቶ ነበር። ከተግባር አሞሌው ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሮም አልገባም። ላፕቶፑ የገባው በማይክሮሶፍት አካውንት ስለሆነ ስሙን ከራሱ ወገን ጋር አያይዞ ይልካል። የዴስክቶፑ ስም፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ያዘነበለ መስመር፣ ቀጥሎ ልጆች ተብሎ ሲጻፍ ገባ።

እዚያው በእናት ስም ለመሞከር ስንል ስህተት 1219 መጣ። ዊንዶውስ ወደ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ በሁለት ስም መግባት አይፈቅድም። በኮማንድ መስኮት «ኔት ዩዝ» ብሎ ያሉትን ግንኙነቶች ማየት፣ መሰረዝ፣ «ክሬደንሻል ማኔጀር» ውስጥ የተቀመጠ ስም ካለም ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ፈቃዱ አልሠራም» ብሎ የተስተካከለውን ያፈርሳል። ፈተና ሁሉ በንጹሕ ግንኙነት ይደረግ።

እሑድ፣ ጠዋት

የሱቁ ላፕቶፕ። ዊንዶውስ 7 ኤስኤምቢ 2.1ን (ኤስኤምቢ ማለት ኮምፒውተሮች ፋይል የሚለዋወጡበት ቋንቋ ነው) ስለሚናገር ከዊንዶውስ 10 ጋር ያለ ምንም ለውጥ ተግባባ። «አሮጌ ማሽን ስለሆነ ኤስኤምቢ 1ን ክፈቱለት» የሚል ምክር በየቦታው ይነገራል፤ አይከፈት። እ.ኤ.አ. በ2017 በግንቦት ዓለምን ያዳረሰው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዋናክራይ የተስፋፋው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው፤ መድፈኛው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ኤስኤምቢ 1 ብቻ ስለሚያውቅ ከአሁን በኋላ ፊልም በፍላሽ ያያል። ለአንድ ቴሌቪዥን ብሎ ዴስክቶፑን መክፈት አይገባም።

የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020፣ የዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። የሱቁ ላፕቶፕ ኢንተርኔቱ እንዲገደብ ተደርጎ ለሂሳብ ብቻ ተተወ፤ ዴስክቶፑ ወደ 11 መሸጋገር መቻሉ ይታያል። ራውተሩ ላይ 445ን ወደ ውጭ የሚከፍት ምንም መስመር እንደሌለም ተረጋግጧል፤ ከግቢ ውጭ ሆኖ ፋይል ማየት ቢፈለግ በዚህ መንገድ አይሆንም።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

የፈቃድ ፍተሻ ላይ ያልታሰበ ነገር ወጣ። በልጆች አካውንት ሰነድ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ለማንበብ ብቻ ናቸው፤ የካርታው ስካን ግን ስሙ ሲቀየር እሺ አለ። ሴኩሪቲ ትሩ ሲከፈት ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ ከነሞዲፋዩ እዚያው ተቀምጧል። ፋይሉ ትናንት ማታ እዚያው ድራይቭ ላይ ካለ፣ ካልተዘጋ ፎልደር ወደ ሰነድ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ፋይል ሲዛወር የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል፤ ሲገለበጥ ግን የደረሰበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። በጣም መጠበቅ ያለበት ፋይል ባልተጠበቀ ፈቃድ በተዘጋ ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። ሰነድ ላይ አድቫንስድ ገብተን በሥሩ ያሉት ሁሉ ፈቃዳቸው በወላጁ እንዲተካ የሚለውን ምልክት አድርገን አስገደድነው። ከእንግዲህ ወደ ሰነድ የሚገባ ይገልበጥ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ይሰረዝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሱቅ «ኔትዎርክ ፓዝ አልተገኘም» አለ፣ ቁጥሩ በ70035 የሚያልቀው። ፈቃድም ፓስወርድም አይደለም፤ ዴስክቶፑ ተኝቶ ነበር። የእንቅልፍ ጊዜው «በጭራሽ» ላይ ተደረገ፤ የሚጠፋው ስክሪኑ ብቻ ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስም በራሱ እንዲነሣ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ማስተካከያ) ላይ ተስተካከለ። ራውተሩና ዴስክቶፑ በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ናቸው፤ የሱቁ ኤክሴል ተከፍቶ እያለ ኃይል ቢቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል።

ሐሙስ

እስካሁን የተሠራው የሚጠብቀው በኔትዎርክ ከሚመጣ ነው። ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ የሚሰካ ሰው እነዚህን ፈቃዶች በሙሉ ያልፋል። ዴስክቶፑ ፕሮ ስለሆነ ዲ ድራይቭ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆለፈ፤ ሲሠራ ሰዓታት ስለሚፈጅ ሌሊቱን አደረ። 48 አኃዙ ማገገሚያ ቁልፍ ሁለት ቦታ ታተመ።

መጠባበቂያው ዲስክ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ይቀመጣል፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ። ዲስኩ ከፋብሪካ ኤክስፋት (ሌላ የዲስክ አደረጃጀት) ሆኖ የመጣ ነው፤ ኤክስፋት ላይ ሴኩሪቲ ትር የለም፣ የተዘጋው ሰነድ እዚያ ሲገለበጥ ለማንም ክፍት ይሆናል። ባዶ ስለነበር በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ተደርጎ በቢትሎከር ተቆለፈ። ከማገገሚያ ቁልፉ አንዱ ቅጂ ደሴ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ሌላው ኮምቦልቻ አይሄድም፤ ቁልፍና መጠባበቂያ ዲስክ አንድ ቤት አይቀመጡምና እናት ቦርሳ ውስጥ ሆነ።

ቅዳሜ

ሳምንቱ ሞላ። ኮምፒውተር ማኔጅመንት፣ ሼርድ ፎልደርስ፣ «ሴሽንስ» (በኔትዎርክ የገቡት ዝርዝር)፦ የሱቁ ላፕቶፕ በሱቅ ስም፣ የልጅቱ በልጆች፣ የእናት ስልክ በእናት። አራተኛ መስመር አልነበረም። «ኦፕን ፋይልስ» ላይ የተከፈተው የዛሬው ሽያጭ ብቻ ነው። ሰርቪሱ በር ላይ ስልኩን ይዘን እንደገና ቆምን፤ አሰሰ፣ ጠበቀ፣ ምንም አላወጣም።